ጋዙ ሲለወጥ፦ የቆየን መኪና አየር ማቀዝቀዣ ከአር-12 ወደ አር-134ኤ ስለ ማዛወር



ከአዲስ አበባ ተነሥቶ ወደ ጅቡቲ የሚወርደው መንገድ የመኪናን አየር ማቀዝቀዣ ለመፈተን ተብሎ የተቀየሰ ይመስላል። ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር በሚያልፍ ከፍታ፣ ከ25 ዲግሪ እምብዛም በማይበልጥ ቀዝቀዝ ያለ አየር ውስጥ ጉዞውን የጀመረ መኪና አዋሽ ሲደርስ ከከፍታው ከግማሽ የሚበልጠውን ጥሎታል። ሚሌንና ሰመራን ይዞ ወደ ጠረፉ ሲጠጋ ደግሞ በሞቃቱ ወራት 40 ዲግሪና ከዚያም በላይ የሆነ ሐሩር ይቀበለዋል። አዲስ አበባ ላይ «ደኅና ይነፍሳል» የተባለለት ማቀዝቀዣ ድካሙን የሚገልጠው በዚህ መንገድ ላይ ነው፤ ይልቁንም ዕድሜው የገፋ፣ በአር-12 እንዲሠራ ታቅዶ ከፋብሪካ የወጣና ኋላ አር-134ኤ የተሞላ ሲሆን።

የዚህ ንግግር ጉዳይ ይኸው የጋዝ ለውጥ ነው። ሥራው በጋራዥ አነጋገር «ጋዝ መቀየር» ይባላል፤ ስሙም ስሕተቱን አብሮት ይዞ ይዞራል። ከሚለወጡት ነገሮች ሁሉ ቀላሉ ጋዙ ነውና። ዘይቱ፣ የጎማ ቀለበቶቹ፣ ቱቦዎቹ፣ ማድረቂያው፣ ከሁሉም በላይ ሙቀቱን ወደ ውጭ የሚጥለው ኮንደንሰር ከአዲሱ ጋዝ ጋር ካልተስማሙ፣ ሥራው የተሳካ መስሎ የሚቆየው አየሩ እስኪሞቅ ድረስ ብቻ ነው። በዚህ ንግግር የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳውያን አቈጣጠር መሆናቸውን አስቀድሞ ማሳሰብ ይገባል።

ለምሳሌ የሚወሰደው መኪና የመርሴዲስ ቤንዝ ፋብሪካ ከ1976 እስከ 1986 ያወጣው፣ በፋብሪካው መለያ ደብልዩ 123 የሚባለው ነው። ቁጥሩ 2.7 ሚሊዮን ገደማ የደረሰው ይህ መኪና በአውሮጳና በአሜሪካ ዛሬ በፍቅር የሚጠበቅ ቅርስ ሆኗል፤ በኢትዮጵያም ጎዳናዎች እንግዳ አይደለም። የማቀዝቀዣው አቀማመጥ ግልጽ ስለሆነ ለማስረዳት ይመቻል። ኮምፕሬሰሩ ከሞተሩ ኃይል በቺንጋ ይቀበላል፤ ኮንደንሰሩ ከራዲያተሩ ፊት ቆሟል፤ ከኮንደንሰሩም ፊት በኤሌክትሪክ የሚዞር ረዳት ማራገቢያ አለ። ኢቫፖሬተሩ ከዳሽቦርዱ ሥር ተቀብሯል፤ ፈሳሹን እየመጠነ የሚለቅለት ኤክስፓንሽን ቫልቭ ከአጠገቡ ነው። ኢቫፖሬተሩን ለማውጣት ዳሽቦርዱን ማፍረስ ግድ ይሆናል፤ ይህን አንድ ጊዜ የሠራ ሰው ሁለተኛ ለመሥራት አይቸኩልም።

አር-12 በዘመኑ እንደ በረከት የታየ ጋዝ ነበር። በ1920ዎቹ የቤት ማቀዝቀዣዎች የሚሠሩት በአሞንያ፣ በሰልፈር ዳይኦክሳይድና በሜቲል ክሎራይድ ሲሆን፣ ሦስቱም ካፈሰሱ ሰውን ይጎዳሉ። በ1928 ቶማስ ሚጅሊ የተባለው አሜሪካዊ ከአልበርት ሄኔና ከሮበርት ማክናሪ ጋር ሆኖ ለዚህ መድኃኒት ፍለጋ ተነሣ፤ የድካማቸውም ፍሬ ካርቦን፣ ክሎሪንና ፍሎሪን የተጣመሩበት፣ የማይነድና የማይመርዝ ጋዝ ሆነ። በ1930 ሚጅሊ በአሜሪካ ኬሚስቶች ጉባኤ ፊት ጋዙን ወደ ሳንባው ስቦ በሚነድ ሻማ ላይ ተነፈሰና ሻማውን አጠፋው፤ ጋዙ ሰውን እንደማይገድል፣ እሳትም እንደማያቀጣጥል በአንድ ትንፋሽ አስመሰከረ። ከአሥር ዓመት በኋላ ፓካርድ የተባለው ፋብሪካ ለ1940 ሞዴል መኪኖቹ ማቀዝቀዣ አቀረበ። ያ ማቀዝቀዣ የኮምፕሬሰር ክላች ስላልነበረው፣ ቅዝቃዜ የበዛበት ሰው ሞተሩን አጥፍቶ፣ ኮፈኖውን ከፍቶ ቺንጋውን መፍታት ነበረበት።

የበረከቱ ሌላ ገጽ የታየው በ1974 ነው። ማሪዮ ሞሊናና ሸርውድ ሮላንድ በዚያ ዓመት ባሳተሙት ጥናት፣ እነዚህ ጋዞች በታችኛው አየር ውስጥ ሳይፈርሱ እስከ ላይኛው የአየር ሽፋን እንደሚወጡ፣ በዚያም የፀሐይ ጨረር ክሎሪኑን ሲፈታው ኦዞንን እንደሚበላ አመለከቱ። በ1985 እንግሊዛውያኑ ጆሴፍ ፋርማን፣ ብራያን ጋርዲነርና ጆናታን ሻንክሊን ከደቡብ ዋልታ በላይ ያለው ኦዞን በየጸደዩ እጅግ እንደሚሳሳ አስታወቁ፤ በ1987 የሞንትሪያል ስምምነት ተፈረመ። ኢትዮጵያ የስምምነቱ ተካፋይ የሆነችው በ1994 ነው። የመኪና ፋብሪካዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዓመታት ወደ አር-134ኤ ተዛወሩ፤ በአሜሪካ አዲስ አር-12 ማምረት በ1995 መጨረሻ ቆመ፤ በማደግ ላይ ላሉ አገሮች የመጨረሻው ቀን ከ2010 መባቻ ሆነ። ከዚህ የተነሣ ዛሬ ደብልዩ 123 የያዘ ሰው ማቀዝቀዣው ሲያፈስበት አር-12 ገበያ ወጥቶ መግዛት አይችልም፤ የሚያገኘውም ከሌላ መሣሪያ የተመለሰ ወይም ምንጩ ያልታወቀ ነው።

ሁለቱ ጋዞች በሩቅ ሲታዩ መንታ ይመስላሉ። በ17 ወይም በ18 ዲግሪ ሙቀት ግፊታቸው እኩል ነው። ከዚያ በታች አር-134ኤ ዝቅ ይላል፤ ከዚያ በላይ ግን ይበልጣል፣ ብልጫውም ከሙቀቱ ጋር እየሰፋ ይሄዳል። ለምሳሌ በ0 ዲግሪ የአር-12 ፍጹም ግፊት 309 ኪሎፓስካል፣ የአር-134ኤ 293 ኪሎፓስካል ነው። ኮንደንሰሩ በ45 ዲግሪ በሚሠራበት ጊዜ፣ ማለትም በአዲስ አበባ መጠነኛ ቀን፣ የአዲሱ ጋዝ ብልጫ 7 በመቶ ያህል ብቻ ነው። ኮንደንሰሩ 70 ዲግሪ ሲደርስ ግን አር-12 በ1,890 ኪሎፓስካል ገደማ ሲወሰን አር-134ኤ 2,120 ይደርሳል፤ ብልጫው 12 በመቶ ሆነ ማለት ነው። በ0 ዲግሪ እየተነነ በ70 ዲግሪ ወደ ፈሳሽ በሚመለስበት ዑደት ኮምፕሬሰሩ አር-12ን ስድስት እጥፍ ሲጨምቅ አር-134ኤን ከሰባት እጥፍ በላይ መጭመቅ ይኖርበታል። በዚህ ላይ አዲሱ ጋዝ ክሎሪን የለውም። የቀድሞው ጋዝ ክሎሪን ኦዞንን ቢያጠፋም በሚፋተጉት ብረቶች ገጽ ላይ ስስ ሽፋን እየሠራ ለኮምፕሬሰሩ እንደ ሁለተኛ ዘይት ያገለግለው ነበር። ስለዚህ ኮምፕሬሰሩ የበለጠ ሥራ በተጣለበት ጊዜ አንዱን ረዳቱን ያጣል።

የዘይቱ ጉዳይ ከዚህ ይከተላል። በመኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ ዘይቱ በኮምፕሬሰሩ ውስጥ ብቻ አይቀመጥም፤ ከጋዙ ጋር ተሟምቶ ዙሩን ሁሉ ይዞራል፣ ተመልሶም ይመጣል። የማዕድን ዘይት ከአር-12 ጋር በሚገባ ይዋሐዳል፤ ከአር-134ኤ ጋር ግን አይዋሐድም። በመሆኑም አሮጌው ዘይት ሳይወጣ አዲሱ ጋዝ ቢሞላ፣ ዘይቱ በኮንደንሰሩ ቱቦዎችና በኢቫፖሬተሩ ወለል ላይ ተኝቶ ይቀርና ኮምፕሬሰሩ ይደርቃል። በብዙዎቹ ደብልዩ 123 ላይ የተገጠመው አር-4 የሚባለው ኮምፕሬሰር አራት ፒስተኖቹ በክብ ዙሪያ የተደረደሩ፣ እንደ ጥንቱ የዮርክ ኮምፕሬሰር የዘይት ማጠራቀሚያ ገንዳ የሌለው ነው። እንዲህ ያለው ኮምፕሬሰር በሚመለስለት ዘይት ብቻ ስለሚኖር ዘይት ሲቀርበት ብዙ አይታገሥም።

ከአር-134ኤ ጋር የሚሄዱት ዘይቶች ሁለት ወገን ናቸው፤ አንደኛው ፓግ ይባላል፣ ሁለተኛው ኤስተር ነው። ፓግ የፋብሪካዎቹ ምርጫ ሲሆን በአዲስ መኪና ላይ ነቀፋ የለበትም። ሆኖም እርጥበትን ከአየር ውስጥ አጥብቆ ይስባል፤ አሮጌ መሣሪያ ውስጥ የሚቀረውን የክሎሪን ርዝራዥም አይወድም። ኤስተር የቀረውን የማዕድን ዘይት በተሻለ ሁኔታ ይታገሣል። ኢቫፖሬተሩን አውጥቶ ማጠብ በማይቻልበት እንደ ደብልዩ 123 ባለ መኪና፣ የመጨረሻዋ ጠብታ ወጥታለች ብሎ የሚምል መካኒክ ስለማይኖር፣ ኤስተርን መምረጥ አስተዋይነት ነው። ኮምፕሬሰሩ አዲስ ከሆነ ግን የአምራቹ ቃል ይቀድማል። የዘይት ቆርቆሮ ተከፍቶ አድሮ በማግሥቱ የሚፈስበት ልማድ በሁለቱም ዘይቶች ዘንድ ሊቀር ይገባል።

ስለ ጎማውና ስለ ማድረቂያው ብዙ ማለት አያሻም። አሮጌዎቹ የጎማ ቀለበቶች በየመጋጠሚያው ተፈትተው ለሁለቱም ጋዞች በሚስማማው፣ ብዙውን ጊዜ አረንጓዴ ቀለም ባለው የናይትራይል ዓይነት ይተካሉ። በማድረቂያው ውስጥ ያለው የቀድሞው እርጥበት መጣጭ ለአዲሱ ጋዝና ዘይት የተሠራ ስላልሆነ ማድረቂያው በአዲስ ይለወጣል፤ ይህ የሚታለፍ ወጪ አይደለም። ቱቦዎቹ ያከራክራሉ። የአር-134ኤ ሞለኪውል ከአር-12 ያነሰ ስለሆነ ውስጣቸው የናይለን ሽፋን በሌላቸው ቱቦዎች እያዘገመ ይወጣል። ለዓመታት የማዕድን ዘይት የጠጣ ቱቦ በዘይቱ ምክንያት በተወሰነ ደረጃ ይጠብቃል ይባላል፣ እውነትም አለው። ይሁንና 40 ዓመት የሞላው ጎማ ስለ ጋዙ ባይሆን እንኳ ስለ ዕድሜው መለወጥ ይገባዋል። የቱቦውን ጫፍ ብረት ጠብቆ ጎማውን ብቻ በአዲስ ማስገጠም የመኪናውን መልክ ሳያጠፋ ሥራውን ይፈጽማል።

ዋናው ነገር ኮንደንሰሩ ነው። በብዙ ጋራዦች የሚታየው ልማድ፣ ማቀዝቀዣው ሲደክም ጋዝ መጨመር ነው። የደከመው ግን ሙቀትን የሚጥለው ክፍል ከሆነ የተጨመረው ጋዝ ሸክም ይሆናል። የደብልዩ 123 ኮንደንሰር ክብ ቱቦ በክንፎች መካከል እየተጠማዘዘ የሚያልፍበት የድሮ ዓይነት ነው፤ ለአር-12 ይበቃ ነበር፣ ለአር-134ኤ ግን የሚተርፍ አቅም የለውም። አቅም ያለው ባለ መኪና ጠፍጣፋ ቱቦዎቹ ጎን ለጎን የተደረደሩበትን ዘመናዊ ኮንደንሰር በዚያው ቦታ ቢያስገጥም ለውጡን በሐሩር ቀን ያየዋል። አቅም የሌለውም ተስፋ አይቆርጥም። በክንፎቹ መካከል የተጠቀጠቀው የዓመታት አቧራና የነፍሳት ቅሪት ይታጠብ፤ የተጣመሙት ክንፎች ይቃኑ፤ በኮንደንሰሩና በራዲያተሩ ዙሪያ የነበረው፣ በየጥገናው እየተጣለ የጠፋው የስፖንጅና የላስቲክ መዝጊያ ይመለስ፤ አየሩ በቀላል መንገድ በጎን ሾልኮ እንዳያልፍ። ረዳት ማራገቢያውም በእርግጥ መዞሩ ይታይ። ማራገቢያውን የሚያስነሣው ማብሪያ በማድረቂያው ላይ የተተከለ ሲሆን፣ በብዙ መኪኖች ላይ ሽቦው ተበጥሶ ወይም ማብሪያው ሞቶ ለዓመታት ሳይታወቅ ይኖራል፤ በአዲስ አበባ ብርድ ማንም አይጠይቀውም። ግፊቱ ከልክ ሲያልፍ ኮምፕሬሰሩን የሚያቆም የከፍተኛ ግፊት ማጥፊያ የሌለው መኪና ከሆነ ደግሞ አንድ ይጨመርለት። ይህ ማጥፊያ ዋጋው ትንሽ ነው፤ ሚሌ ላይ የሚሰበር ኮምፕሬሰር ዋጋ ግን የሚታወቅ ነው።

ከዚህ በኋላ አየሩን የመሳብ ሥራ ይመጣል፤ እዚህ ላይ የደጋ አገር ባለሙያ በውጭ አገር መጽሐፍ ሊሳሳት ይችላል። የመሳቡ ዓላማ አየርን ማስወጣት ብቻ ሳይሆን በውስጥ የተደበቀውን ውኃ ማፍላት ነው፤ ውኃ በ20 ዲግሪ ሙቀት የሚፈላው ፍጹም ግፊቱ ከ2.3 ኪሎፓስካል በታች ሲወርድ ነው። በባሕር ዳርቻ አገር የተጻፈ መመሪያ ጌጁ ወደ 29 ኢንች ሜርኩሪ እስኪጠጋ ድረስ ፓምፑ ይሥራ ይላል። ጌጁ ግን የሚለካው ከውጭው አየር ጋር ያለውን ልዩነት ነው። በአዲስ አበባ የአየሩ ግፊት 76 ወይም 77 ኪሎፓስካል ገደማ በመሆኑ፣ ፓምፑ ፍጹም ባዶ ቢያደርገው እንኳ መርፌው ከ22 ወይም ከ23 ኢንች አያልፍም። ይህን ያላወቀ መካኒክ ከሁለት በአንዱ ይሰናከላል፤ ወይ የሌለ ቀዳዳ ሲፈልግ ይውላል፣ ደኅናውንም ፓምፕ ይጥላል፤ ወይም ደግሞ «መርፌው እዚህ ከተማ እንዲህ ነው» ብሎ ውኃው ሳይወጣ ያቆመዋል። ሁለተኛው የከፋ ነው። የቀረው ውኃ ከኤስተርም ከፓግም ጋር ተዋውሎ ዘይቱን ያበላሻል፤ በኤክስፓንሽን ቫልቩ ጠባብ ቀዳዳም በረዶ ሆኖ ይዘጋል። መፍትሔው ፍጹም ግፊትን በማይክሮን የሚለካ መሣሪያ መያዝ ነው፤ 500 ማይክሮን በየትኛውም ከፍታ 500 ማይክሮን ነው። ፓምፑ ከቆመ በኋላም ንባቡ መጽናቱን ቁጭ ብሎ ማየት ያስፈልጋል።

ይኸው የከፍታ ልዩነት በጋዝ መሙላት ጊዜ ይመለሳል። ኢቫፖሬተሩ በ0 ዲግሪ እንዲሠራ የሚፈለገው ፍጹም ግፊት 293 ኪሎፓስካል ሲሆን፣ ይህ በጠረፍ ከተማ ጌጅ 192፣ በአዲስ አበባ ጌጅ 217 ሆኖ ይነበባል። የጠረፉን ሠንጠረዥ ይዞ በአዲስ አበባ 192ን የሚያሳድድ ሰው ኢቫፖሬተሩን ከዜሮ በታች ወደ 2 ዲግሪ ተኩል አውርዶታል፤ ጥቂት ቆይቶ ክንፎቹ በረዶ ለብሰው ንፋሱ ይቋረጣል፣ መኪናውም «ጋዝ በዛበት» ወይም «አነሰው» ተብሎ ወደ ጋራዥ ይመለሳል። በከፍተኛው ግፊት በኩል ልዩነቱ ኢምንት ስለሆነ ማንንም አያሳስትም።

በዚህ ምክንያት የሚታመነው መለኪያ ሚዛን ነው። የአር-134ኤ ፈሳሽ ከአር-12 ስለሚቀል፣ የሚሞላው ክብደት በአብዛኛው ከቀድሞው 80 እስከ 90 በመቶ ይሆናል፤ በታችኛው ወሰን ጀምሮ በጥቂት በጥቂቱ እየጨመሩ ማየት ይሻላል። ደብልዩ 123ን የመሰሉ መኪኖች በማድረቂያቸው ራስ ላይ ትንሽ የመስተዋት መስኮት አለቻቸው፤ በአር-12 ዘመን መካኒኩ አረፋው እስኪጠፋ ጋዝ ይሞላ ነበር። በአር-134ኤ ይህች መስኮት ምስክርነቷ አይታመንም፤ መጠኑ ልክ ሆኖ ሳለ ደመና መሰል አረፋ ልታሳይ ትችላለች። አረፋውን ለማጥፋት የተሞላው ትርፍ ጋዝ በአዲስ አበባ ዝም ይላል። መኪናው ወደ አዋሽ ሲወርድ ግን ትርፉ ፈሳሽ የኮንደንሰሩን የታችኛውን ቱቦ ስለሚይዝ፣ ሙቀት የሚጣልበት ገጽ በሚያስፈልግበት ሰዓት ያንሳል፤ ግፊቱ ይወጣል፣ ንፋሱ ይለዝባል፣ ሞተሩም አብሮ መሞቅ ይጀምራል። ባለ መኪናው «አዲስ አበባ ላይ በረዶ ነበር» ይላል፤ ቃሉም እውነት ነው።

ይህን መንገድ ላይ ከመማር በፊት በጋራዡ ግቢ መፈተን ይቻላል። ሞተሩ በሥራ ፈት ዙር ላይ ሳለ፣ የኮንደንሰሩ ከፊል በካርቶን ይሸፈንና የውጭው ሙቀት እንደ ጨመረ ይደረጋል። ግፊቱ ቀስ በቀስ ሲወጣ ረዳት ማራገቢያው መነሣት አለበት፤ ካርቶኑ ሰፍቶ ግፊቱ ከልክ ሲቃረብ ደግሞ ማጥፊያው ኮምፕሬሰሩን ማቆም አለበት። ይህ ሙከራ ከጌጁ ላይ ዓይን ሳይነቀልና እጅ ከካርቶኑ ሳይርቅ የሚደረግ ነው። ሁለቱ ጥበቃዎች በየተራቸው ካልሠሩ መኪናው ወደ ቆላ እንዲወርድ ሊፈቀድለት አይገባም።

ስለሚሞላው ጋዝ ምንነት ደግሞ መጠንቀቅ የነፍስ ጉዳይ ነው። በ2011 በመርከብ ማቀዝቀዣ ኮንቴይነሮች ውስጥ አር-134ኤ ተብሎ የተሞላ ሐሰተኛ ጋዝ በቬትናምና በብራዚል ሦስት ሠራተኞችን በፍንዳታ ገደለ። ጋዙ ሜቲል ክሎራይድ የተቀላቀለበት ሲሆን፣ ይህ ኬሚካል ከአሉሚንየም ጋር ሲገናኝ አየር ሲነካው በራሱ የሚቀጣጠል ውሑድ ይፈጥራል። ሚጅሊና ባልደረቦቹ ሊያስወግዱት የደከሙለት ጋዝ ከ80 ዓመት በኋላ በሐሰተኛ ስም ተመልሶ መጣ ማለት ነው። የመኪናም ኮንደንሰርና ኢቫፖሬተር ዛሬ በብዛት አሉሚንየም ስለሆኑ ነገሩ የወደብ ሠራተኛን ብቻ የሚመለከት አይደለም። በርካሽ የቀረበ፣ መለያው የተፋቀ ወይም አፉ ቀድሞ የተከፈተ ሲሊንደር በጋዝ መለያ መሣሪያ ሳይፈተሽ ከመኪና ጋር መገናኘት የለበትም።

ፕሮፔንና አይሶቡታን የተቀላቀሉበትን፣ በመሠረቱ የማእድ ቤት ጋዝ ዘመድ የሆነውን ድብልቅ የሚያወድሱም አሉ። ፍትሕ ለመናገር፣ ድብልቁ በደንብ ያቀዘቅዛል፤ ከማዕድን ዘይትም ጋር ይዋሐዳል፤ ስለዚህም ምንም ሳይለወጥ ሊሞላ ይችላል። ጉድለቱ አንድ ነው፤ ይነዳል። የመኪና ኢቫፖሬተር ደግሞ ያለው ተሳፋሪው በተቀመጠበት ክፍል ውስጥ፣ የኤሌክትሪክ ሞተር ባለበት የአየር ሣጥን ነው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት እንዲህ ያለውን ተቀጣጣይ ድብልቅ በአር-12 መኪና ላይ መተካት ከልክሏል፤ ውሳኔው ትክክል ነው። ከ2017 ጀምሮ በአውሮጳ አዲስ መኪኖች ላይ አር-134ኤን የተካው አር-1234ዋይኤፍም ለስሙ ቀላል ቢሆን የመንደድ ጠባይ አለው፤ ለእርሱ ባልታቀደ አሮጌ መኪና ላይ ቦታ የለውም።

እዚህ ላይ ማቀዝቀዣው ገና ያልተከፈተ፣ አር-12ቱ ሳያፈስ የተቀመጠለት ባለ መኪና ምን ያድርግ የሚል ጥያቄ ይነሣል። መልሱ፣ እንዳለ ይተወው ነው። ሳያፈስ የሚሠራ የአር-12 ማቀዝቀዣ ኦዞንን አይጎዳም፤ ለጋዙም ከእርሱ የተሻለ መጋዘን አይገኝለትም። ኮምፕሬሰሩ ሲሰበር ወይም አንዱ መጋጠሚያ ማፍሰስ ሲጀምር፣ መሣሪያው ለማንኛውም ሊከፈት ግድ በሚሆንበት በዚያን ጊዜ ሁሉም በአንድነት ይለወጥ። አር-134ኤም ቢሆን ዘላለማዊ አይደለም፤ በ2016 በኪጋሊ የተደረሰው ማሻሻያ ምርቱ በየደረጃው እንዲቀንስ አዟል፤ ዋጋውም ይህንኑ መከተሉ አይቀርም። ስለዚህ ዛሬ በቱቦና በቀለበት ላይ የሚቆጠበው ገንዘብ ነገ በየዓመቱ ለሚገዛው ጋዝ ይከፈላል።

የሚወጣው አሮጌ ጋዝስ? የተባበሩት መንግሥታት የአየር ጠባይ ለውጥ ባለሙያዎች ጉባኤ በአራተኛ ሪፖርቱ እንደ ሰጠው ስሌት፣ አንድ ኪሎ አር-12 በመቶ ዓመት ውስጥ ምድርን የሚያሞቀው 10,900 ኪሎ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ያህል ነው፤ የአር-134ኤ 1,430 ነው። በአንድ መኪና ማቀዝቀዣ ውስጥ የሚገኘው አንድ ኪሎ ያህል አር-12 በአንዲት ቫልቭ መክፈት «ፍስስ» ብሎ ሲወጣ፣ ያው መኪና ከ4,000 ሊትር በላይ ናፍጣ በማቃጠል የሚያደርሰውን ያህል በአንድ ደቂቃ ፈጸመ ማለት ነው፤ በኦዞን ላይ የሚያደርሰው ሳይቈጠር። ጋዙ በመልሶ መሰብሰቢያ ማሽን ተስቦ ለእርሱ ብቻ በተመደበ ሲሊንደር ይቀመጥ። ከአር-134ኤ ጋር የተቀላቀለ አር-12 ተመልሶ ለሥራ አይውልም፤ በመኪናውም ውስጥ የቀረ ርዝራዥ ሁለቱ ጋዞች ለየብቻቸው ካላቸው ግፊት የበለጠ ግፊት ስለሚያመጣ ኮንደንሰሩን ሌላ ሸክም ያሸክመዋል። ማሽኑ የሌለው ጋራዥ ካለው ጋራዥ ጋር ቢዋዋል ኪሳራ የለበትም።

ሥራው ሲያልቅ ሁለት ትናንሽ ነገሮች ይቀራሉ። አንደኛው፣ በአር-12 ዘመን የነበሩት ባለ ጥርስ የመሙያ አፎች ለአር-134ኤ ብቻ በሚገጥሙት፣ ለከፍተኛውና ለዝቅተኛው ግፊት መጠናቸው በሚለያይ አፎች መለወጣቸው ነው፤ አሮጌው አፍ እንደ ነበረ ከተተወ አንድ ቀን አንድ ሰው በስሕተት የማይገባውን ጋዝ ይሞላበታል። ሁለተኛው በኮፈኖው ሥር የሚለጠፍ ወረቀት ነው። በእርሱ ላይ የጋዙ ስም፣ በግራም የተመዘነው ክብደት፣ የዘይቱ ዓይነትና መጠን፣ ሥራው የተሠራበት ቀንና የሠሪው ጋራዥ ስም በማይለቅ ቀለም ይጻፋል። የቀድሞው የአር-12 ምልክትም ይሸፈናል። ይህ መኪና በሰመራ መንገድ ዳር ቆሞ ኮፈኖው በተከፈተ ጊዜ፣ የማያውቀው መካኒክ መጀመሪያ የሚያነበው ያንን ወረቀት ነው።